ከመድኃኒቱ እስከ ሕመምተኛው፦ የኤች አይ ቪ ሕክምናን ለሕዝብ በማዳረስ ረገድ የመንግሥታት ድርሻ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1996 በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ በተካሄደው 11ኛው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ላይ የቀረቡት ጥናቶች፣ ለአሥራ አምስት ዓመታት የሞት ዜና ብቻ ሲሰማ ለቆየው የሕክምና ዓለም አዲስ ምዕራፍ ከፈቱ። ሦስት መድኃኒቶችን አቀናጅቶ በመስጠት ቫይረሱ በደም ውስጥ እንዳይራባ መግታት እንደሚቻል፣ ሕመምተኛውም ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ሥራው ሊመለስ እንደሚችል ተረጋገጠ። በበለጸጉት አገሮች በኤድስ ምክንያት የሚሞተው ሰው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ አሽቆለቆለ። የአንድ ሕመምተኛ የዓመት መድኃኒት ዋጋ ግን ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነበር። ከቫይረሱ ጋር ይኖር ከነበረው ሕዝብ አብዛኛው ደግሞ የሚገኘው ከሰሐራ በታች ባሉት የአፍሪካ አገሮች ነበር።

ስለዚህ መድኃኒቱ ተገኘ፤ ሕመምተኛው ግን አላገኘውም። በእነዚያ ዓመታት በአገራችን ሆስፒታሎች ያገለገሉ ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ በሚገባ ያስታውሱታል። ተደራራቢ ኢንፌክሽኖችን ከማከምና ከማጽናናት በስተቀር ለሕመምተኛው የሚሰጡት ነገር አልነበራቸውም፤ በሌላው ዓለም ሰው እያዳነ ያለውን መድኃኒት በስም ያውቁታል፣ በማዘዣ ወረቀት ላይ ግን አይጽፉትም።

ይህን ርቀት ያጠበበው ምንድን ነው? የመድኃኒት ዋጋ መውደቅ፣ የለጋሾች ገንዘብ፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ወገኖች ትግል፣ የተመራማሪዎች ጥረት፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሆኖም በአንድ ዘመን፣ በተቀራራቢ ዋጋ፣ አንዱ አገር ሕዝቡን ሲያድን ሌላው ሲቀብር ታይቷል። ለዚህ ልዩነት ዋነኛው ምክንያት የየአገሩ መንግሥት ውሳኔ ነው። የውሳኔውን ታሪክ ስንመረምር አራት ጥያቄዎች ተደጋግመው ይነሣሉ፤ ሕክምናው የሕዝብ መብት ነውን? ዋጋውን የሚተምነው ማን ነው? መድኃኒቱን ለሕመምተኛው እንዲሰጥ የሚፈቀድለት ማን ነው? ወጪውንስ ዓመት ከዓመት የሚሸከመው ማን ነው? ይህ ጽሑፍ በብራዚል፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቦትስዋና፣ በማላዊና በአገራችን ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጡትን መልሶች ለማሳየት ይሞክራል። ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብራዚል፦ መብቱና ዋጋው

ብራዚል ከወታደራዊ አገዛዝ ከተላቀቀች በኋላ በ1988 ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት ጤናን የሁሉም ዜጋ መብትና የመንግሥት ግዴታ አድርጎ ደነገገ። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ወገኖችና ደጋፊዎቻቸው ይህን አንቀጽ ይዘው መንግሥትን መጠየቅ ጀመሩ። በኖቬምበር 1996፣ ማለትም ከቫንኩቨሩ ጉባኤ አራት ወራት ያህል ቆይቶ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሴናተር ዦዜ ሳርኔይ ያመነጩት ሕግ ቁጥር 9313 ጸደቀ። ሕጉ ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚያስፈልገው ሁሉ በመንግሥት የጤና አገልግሎት በኩል በነፃ እንዲሰጥ አዘዘ።

በጊዜው ይህ ውሳኔ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል። ድሃ አገር ያላትን ጥቂት ገንዘብ ለመከላከል ታውለው እንጂ ለውድ ሕክምና አታባክነው የሚለው አስተሳሰብ በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ የበላይነት ነበረው። ብራዚል ግን መከላከልንና ሕክምናን ሳትነጣጥል ያዘች። እንደ ተባለው ወጪው እንዳያሰጥማትም ሁለተኛውን ጥያቄ፣ የዋጋውን ጉዳይ፣ ራሷ መመለስ ነበረባት።

የአገሪቱ አዲሱ የፓተንት ሕግ ከመውጣቱ በፊት በገበያ ላይ የነበሩት መድኃኒቶች በብራዚል የባለቤትነት ጥበቃ ስላልነበራቸው፣ የመንግሥት ፋብሪካዎች እነዚህን መድኃኒቶች ማምረት ቻሉ። ከእነዚህ መካከል በሪዮ ዴ ጃኔሮ የሚገኘው የኦስዋልዶ ክሩዝ ተቋም ፋብሪካ ፋርማንጊኞስ ዋነኛው ነው። ፋብሪካው ሌላም ጥቅም ነበረው። መድኃኒቱን ለማምረት በእርግጥ ስንት እንደሚፈጅ መንግሥት በራሱ መዝገብ ስለሚያውቅ፣ ከውጭ ኩባንያዎች ጋር ሲደራደር የሚነገረውን ዋጋ በጭፍን አይቀበልም። በኦገስት 2001 የጤና ሚኒስትሩ ዦዜ ሴራ ለኔልፊናቪር አስገዳጅ የማምረት ፈቃድ እንደሚሰጡ ባስታወቁ ጊዜ ሮሽ ኩባንያ ዋጋውን በ40 በመቶ ቀነሰ። በሜይ 2007 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሉላ ለኢፋቪረንዝ አስገዳጅ ፈቃድ ሰጡ። ሜርክ ኩባንያ በ1 ዶላር ከ59 ሳንቲም ይሸጠው የነበረውን አንድ ፍሬ በ45 ሳንቲም ሂሳብ ከህንድ መግዛት ተቻለ።

የብራዚል ተሞክሮ በድንበሯ አልተወሰነም። በፌብሩዋሪ 2001 ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ ሦስቱን መድኃኒቶች ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት በዓመት በ350 ዶላር ለማቅረብ ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር በዶሃ የተሰበሰቡት የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አገሮች፣ የፓተንት ስምምነቱ መንግሥታት የሕዝባቸውን ጤና ከመጠበቅ ሊያግዳቸው እንደማይገባ አወጁ።

ዋጋው ሲወርድ ግን ሌላ ምክንያት ተተካ። በ2001 የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ ድርጅት የበላይ ኃላፊ የነበሩት አንድሩ ናትሲዮስ፣ አፍሪካውያን የምዕራባውያኑን የሰዓት አቆጣጠር ስለማያውቁ በሰዓት የተወሰነ መድኃኒት ሊወስዱ አይችሉም የሚል አስተያየት በይፋ ሰጡ። ጾሙን፣ ጸሎቱንና ሰላቱን በሰዓት ለሚጠብቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ክስ ነበር። መልሱን የሰጡት ግን ክርክሮች ሳይሆኑ ሕመምተኞቹ ራሳቸው ናቸው። በኬፕታውን አጠገብ ባለችው ካየሊቻ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከክፍለ ሀገሩ መስተዳድር ጋር ሆነው በ2001 ሕክምና ሲጀምሩ፣ በቆርቆሮ ቤት የሚኖሩ ድሆች መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንደሚወስዱ በተግባር ታየ።

ደቡብ አፍሪካ፦ የእምቢታ ዋጋ

መንግሥት በር ሊከፍት እንደሚችል ሁሉ ሊዘጋም ይችላል። ለዚህ ከደቡብ አፍሪካ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። በዚያች አገር ታሪኩ የተጀመረው በተቃራኒው መንገድ ነበር። መንግሥት በ1997 ርካሽ መድኃኒት ለማስገባት የሚያስችል ሕግ ቢያወጣ 39 የመድኃኒት ኩባንያዎችና ማኅበራቸው ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ የዓለም ሕዝብ ስለ ተቃወማቸውም በኤፕሪል 2001 ክሳቸውን አነሡ። ሕዝቡ መድኃኒቱ አሁን ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ያን ጊዜ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ታቦ ኢምቤኪ ግን ቫይረሱ የኤድስ መንስኤ መሆኑን መጠራጠር ጀምረው ነበር። የጤና ሚኒስትሯም ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሥርን ሲያወድሱ መድኃኒቱን መርዛማ ነው እያሉ ያንኳስሱ ነበር።

ለጤና ባለሙያ ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው የኔቪራፒን ጉዳይ ነው። ለእናት በምጥ ጊዜ አንድ ፍሬ፣ ለሕፃኑም ጥቂት ጠብታ በመስጠት ቫይረሱ ወደ ሕፃኑ የሚተላለፍበትን ዕድል በግማሽ ያህል መቀነስ እንደሚቻል ታውቋል። አምራቹ ኩባንያ መድኃኒቱን ለአምስት ዓመት በነፃ ለመስጠት ፈቃደኛ ነበር። መንግሥት ግን አገልግሎቱን በየክፍለ ሀገሩ በሁለት የሙከራ ጣቢያዎች ብቻ ወሰነው። ከእነዚያ ጣቢያዎች ውጭ የሚሠራ የመንግሥት ሐኪም፣ እናቲቱ ፊቱ እያማጠች፣ መድኃኒቱን እንዳይሰጥ ተከለከለ። ስለዚህ «የሕክምና እርምጃ ዘመቻ» የተባለው ማኅበር፣ ከሕፃናት ሐኪሞችና ከሕፃናት መብት ተሟጋቾች ጋር ሆኖ መንግሥትን ከሰሰ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በጁላይ 5 ቀን 2002 ክልከላው ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወሰነ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱ አስፈላጊ ነው ብሎ ባመነበት በማንኛውም የመንግሥት ጤና ተቋም እንዲሰጥም አዘዘ።

ፍርዱ የእናቶችንና የሕፃናትን በር ከፈተ። ለአዋቂዎች የሚሰጠው ሙሉ ሕክምና ግን እስከ 2004 ዘገየ፤ ከዚያም በኋላ ያለ ፍላጎት ተጎተተ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ግምት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በዚህ መዘግየት ምክንያት ከ330 ሺህ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በእነዚያ ዓመታት መድኃኒቱ ነበረ፤ ዋጋውም ወርዶ ነበር፤ ከብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች የተሻሉ ሆስፒታሎችና ባለሙያዎችም ነበሩ። የጎደለው የመንግሥት ፈቃድ ብቻ ነበር።

መንግሥት ሐሳቡን ሲለውጥ ደግሞ ውጤቱ በዚያው መጠን ፈጣን ሆነ። ከ2009 ወዲህ አዲሱ አመራር ሰፊ የምርመራ ዘመቻ ከፈተ፤ ነርሶች ሕክምናውን እንዲያስጀምሩ ፈቀደ፤ የመድኃኒት ግዥ ጨረታውንም በዓለም ዋጋ እያነጻጸረ ወጪውን በግማሽ ያህል ቀነሰ። ደቡብ አፍሪካ ዛሬ በዓለም ትልቁን የኤች አይ ቪ ሕክምና ፕሮግራም የምታካሂድ አገር ናት፤ የወጪውንም አብዛኛውን ክፍል የምትሸፍነው ከራሷ በጀት ነው።

ቦትስዋናና ማላዊ፦ መድኃኒቱን የሚሰጠው እጅ

ቦትስዋና በሕዝብ ብዛቷ ትንሽ፣ በአልማዝ ሀብቷ የታወቀች አገር ናት። በሺህ ዘመኑ መባቻ ከነፍሰ ጡሮቿ ከሦስቱ ከአንዷ በላይ ቫይረሱ በደሟ ይገኝ ነበር። ፕሬዚዳንት ፌስተስ ሞጋዬ ጉዳዩን የሕዝባቸው የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ አድርገው ያዙት። በጃንዋሪ 2002 በጋቦሮኔ ልዕልት ማሪና ሆስፒታል የተጀመረው ነፃ ሕክምና በቋንቋቸው «ማሳ» ማለትም ንጋት ተባለ። የጌትስ ፋውንዴሽንና ሜርክ ኩባንያ በገንዘብና በመድኃኒት አገዙ። ይሁን እንጂ የመድኃኒቱ መኖር ብቻውን አልበቃም። ሰው መገለልን ፈርቶ ሳይመረመር ይቀራል፤ የሚመጣውም አልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ከ2004 መጀመሪያ ጀምሮ በማንኛውም ምክንያት ጤና ተቋም ለሚመጣ ሰው ሁሉ፣ እምቢ የማለት መብቱ ተጠብቆለት፣ የምርመራ አገልግሎት እንዲቀርብለት ተደረገ።

ማላዊ አልማዝ የላትም፤ ሐኪሞቿም እጅግ ጥቂት ነበሩ። በ2004 ነፃ ሕክምና ስትጀምር በበለጸጉት አገሮች መንገድ ለመሄድ ብትሞክር ኖሮ ከጥቂት የከተማ ሆስፒታሎች ባልወጣች ነበር። የጤና ሚኒስቴሯ ግን ነገሩን ከሥሩ አቀለለው። ለሁሉም አንድ ዓይነት የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒት ተመረጠ፤ ሦስቱ በአንድ ፍሬ ውስጥ ተቀናጅተው ጠዋትና ማታ ይዋጣሉ። የሲዲ 4 መመርመሪያ በሌለበት ቦታ ሕክምናው በሕመሙ ደረጃ ተወስኖ ይጀመራል። መድኃኒቱን የሚያስጀምሩት የክሊኒክ ኦፊሰሮችና ነርሶች ናቸው። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ካርድ፣ ለእያንዳንዱ ጤና ተቋም አንድ መዝገብ ተዘጋጀ። በየሦስት ወሩ የሚኒስቴሩ ቡድን በየጣቢያው እየዞረ መዝገቡን ይቆጥራል፤ መድኃኒቱን ከሕመምተኛው ቁጥር ጋር ያመሳክራል። በስድስት ዓመት ጊዜ ውስጥ በሕክምናው ላይ የሚገኙት ሰዎች ቁጥር ከ2 መቶ ሺህ አለፈ። በ2011 ደግሞ ማላዊ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት የሲዲ 4 ቁጥሯ ሳይጠበቅ ወዲያው ሕክምና ጀምራ ዕድሜ ልኳን እንድትቀጥል ወሰነች። ይህ ከድሃ አገር የወጣ ሐሳብ ኋላ የዓለም መመሪያ ሆነ።

ነርስ እንዴት እንዲህ ያለ መድኃኒት ያዝዛል የሚለው ሥጋት በየአገሩ በሐኪሞች ዘንድ ተነሥቷል። ሥጋቱ ከቅናት የመነጨ አልነበረም፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳትና የመላመድ አደጋ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በ2010 በላንሴት መጽሔት የታተመው የደቡብ አፍሪካ ጥናት ነርሶች የተከታተሏቸው ሕመምተኞች ውጤት ሐኪሞች ከተከታተሏቸው እንደማያንስ አሳየ። አስቀድሞ ሥልጠና፣ ቀጥሎ መመሪያ፣ ዘወትርም ክትትል እስካለ ድረስ ሥራውን ማካፈል የሕክምናውን ጥራት አያወርድም።

በአገራችን

በኢትዮጵያ ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው በ1984 ከተሰበሰቡ የደም ናሙናዎች ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች በ1986 ተመዘገቡ። ብሔራዊው የኤች አይ ቪ/ኤድስ ፖሊሲ በነሐሴ 1990 ዓ.ም.፣ የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች አቅርቦትና አጠቃቀም ፖሊሲ ደግሞ በ1994 ዓ.ም. ወጡ። መድኃኒቱ በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ በመንግሥት ሆስፒታሎች መሰጠት ሲጀምር ግን በክፍያ ነበር። ለብዙው ቤተሰብ ይህ ከባድ ምርጫ አስከተለ። ለአንዱ ሕመምተኛ የወር መድኃኒት ለመግዛት የቤት ዕቃ ይሸጣል፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ታመው ሲገኙ ማን ይውሰድ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ሕክምናው ይቋረጣል። ሕክምና ሲቆራረጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንደሚላመድ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻም። በሌላ አነጋገር ክፍያው ድሃውን ከማስቀረቱም በላይ የከፈለውንም ሰው ሕክምና አደጋ ላይ ይጥል ነበር።

በጥር 1997 ዓ.ም. ሕክምናው በነፃ እንዲሰጥ ተወሰነ። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከግሎባል ፈንድና የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አስቸኳይ የኤድስ ዕርዳታ ከተባለው ፔፕፋር ነው። በዚያን ጊዜ በሕክምናው ላይ የነበሩት ሰዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ ቆይቶም አገልግሎቱ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ ተደረገ፤ ጤና መኮንኖችና ነርሶችም ሠልጥነው ሕክምናውን መምራት ጀመሩ። ይህ ውሳኔ ለኢትዮጵያ ፍጹም እንግዳ አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረው ሐኪም ወደማይደርስበት ገጠር የሚደርስ ባለሙያ ለማፍራት ነበር። ግማሽ ክፍለ ዘመን ቆይቶ ያ አስተሳሰብ ለአዲስ መቅሠፍት መልስ ሆኖ ተገኘ። ከ30 ሺህ የሚበልጡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ትምህርቱንና ክትትሉን እስከ ቀበሌ አደረሱት።

በ2008 በኢትዮጵያ ሕክምናውን የጀመሩት ሰዎች ቁጥር ከመቶ ሺህ በልጦ ነበር፤ ዛሬ በሕክምና ላይ ያሉት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋሉ። በዚህ መካከል የሌሎችም ድርሻ አለ። እንደ ተስፋ ጎህና መቅድም ያሉት ማኅበራት አባሎች ፊታቸውን ሳይሸፍኑ አስተምረዋል፤ ብዙዎቹም በጤና ተቋማት ተቀጥረው ያቋረጡ ሕመምተኞችን በየመንደሩ ፈልገው መልሰዋል። የሃይማኖት አባቶች ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ማስተማራቸው በእንጦጦና በሌሎች ጠበሎች የነበሩ ብዙ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ ረድቷል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። በፍጥነት መስፋፋቱ መዝገቡ ከሚችለው በላይ ሕመምተኛ አስከተለ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከክትትል የጠፉት ሰዎች ብዛት አሳሳቢ ነበር። በለጋሾች ገንዘብ የተሠሩ ጤና ጣቢያዎችም ሁሉ ውኃና መሣሪያ የተሟላላቸው አልነበሩም። ለኤች አይ ቪ ክፍል በቂ ገንዘብ ሲመጣ ጎረቤቱ የእናቶች ክፍል ጓንት የሚያጣበት ጊዜ እንደ ነበርም የሠራበት ሰው ይመሰክራል። ሆኖም ገንዘቡ ከውጭ ቢመጣም የት ይከፈት፣ ማን ይስጥ፣ በክፍያ ይሁን ወይስ በነፃ የሚሉትን ጥያቄዎች የመለሰው አገሩ ራሱ ነው። ለጋሽ መድኃኒት ሊገዛ ይችላል፤ ነርሷ መድኃኒቱን እንድታዝዝ የሚፈቅደውን መመሪያ ግን ሊፈርም አይችልም።

አራተኛው ጥያቄ

ከአራቱ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አገሮች ሳይመልሱት የቆዩት የመጨረሻውን፣ የወጪውን ጥያቄ ነው። ሕክምናው ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው፤ የለጋሽ ውል ግን በዓመታት ይቆጠራል። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ ይህ እውነት በአንድ ሳምንት ውስጥ ገሃድ ወጣ። ለሕይወት አድን ሕክምና ልዩ ፈቃድ ቢሰጥም በብዙ አገሮች ክሊኒኮች ተዘጉ፤ የመረጃ ሠራተኞች፣ አማካሪዎችና ክትትል አድራጊዎች ተበተኑ። በአገራችንም በዚሁ ዕርዳታ ይከፈላቸው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች የሥራ ውል ተቋረጠ። ወጪያቸውን በአብዛኛው ከራሳቸው በጀት የሚሸፍኑት እንደ ደቡብ አፍሪካና ቦትስዋና ያሉት አገሮች ቢጎዱም የመድኃኒት ግዥያቸው አልቆመም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በ1996 ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ የነበረው የአንድ ሰው የዓመት ሕክምና፣ ዶሉቴግራቪርን የያዘው የአሁኑ ቅንብር በ2023 ከ45 ዶላር በታች ወርዷል። ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ለአንድ ድሃ አገር ፈጽሞ የማይታሰብ የነበረው ወጪ ዛሬ በበጀት ሊያዝ የሚችል ሆኗል። ከባዱ ወጪ መድኃኒቱ ሳይሆን መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያ፣ ላቦራቶሪውና የማጓጓዣ ሥርዓቱ ነው። እነዚህ ደግሞ በባሕርያቸው የመንግሥት ሥራዎች ናቸው።

ማጠቃለያ

በ2024 መጨረሻ በዓለም ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩት 40.8 ሚሊዮን ሰዎች መካከል 31.6 ሚሊዮን ያህሉ ሕክምና ያገኙ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት ማንም ያልገመተው ቁጥር ነው። ይህን ያስገኘው የሳይንስ ግኝት ብቻ ቢሆን ኖሮ ደቡብ አፍሪካና ቦትስዋና፣ ጎረቤታሞች ሆነው፣ በአንድ ዘመን ያን ያህል የተለያየ ዕጣ ባልገጠማቸው ነበር።

ታሪኩ ለጤና ባለሙያው የሚተወው አደራም አለ። በብራዚል ሕጉን የጠየቁ፣ በደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት የቆሙ፣ በማላዊ መዝገቡን የነደፉ፣ በአገራችንም ጤና ጣቢያ ውስጥ የመጀመሪያውን ፍሬ በሕመምተኛው መዳፍ ላይ ያኖሩ ሰዎች ከዚህ ሙያ የወጡ ናቸው። መንግሥት በር የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ባለሙያው ካንኳኳ በኋላ ነው። አሁን የሚንኳኳው በር የበጀት በር ነው፤ የሙያ ማኅበራትም በሚቀጥሉት ዓመታት ስለ ሕክምና መመሪያ የሚናገሩትን ያህል ስለ ሕክምና ወጪ መናገር ይጠበቅባቸዋል። ዛሬ በየጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ስማቸው የሰፈረው ሰዎች መድኃኒታቸውን ነገም፣ ከነገ ወዲያም መዋጥ አለባቸውና።